ጥሪ ቢመጣ የሚያስሮጥ ቁርስ፦ አወቱ አጠገብ ስላለችው ቁርስ ቤት

ምግብ ቤት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። በልቼ ከተነሳሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ የእሳት ጥሪ ቢመጣ ሥራዬን በአግባቡ መሥራት እችላለሁ ወይ? ጣዕሙም፣ ወንበሩም፣ መስተንግዶውም ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚታየው።

ጅማ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ስለ ሥራችን ሲያስብ ነበልባሉ ነው የሚመጣለት። አብዛኛው ሰዓታችን ግን ጥበቃ ነው። መኪና እናጥባለን፣ ቱቦ እንጠቀልላለን፣ እንቀመጣለን፣ ትንሽ ጋደም እንላለን። ከዚያ ስልኩ ይጮሃል። ቦት፣ ከባዱ ኮት፣ ሄልሜት፣ ጀርባ ላይ የአየር ሲሊንደር። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ውሃ የሞላ ቱቦ መጎተቱ ገና ነው። ተኝቶ የነበረ ልብ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ መጨረሻ አቅሙ ይመታል። ሆድን በዘይትና በነጭ ዳቦ ጠቅጥቆ ይህን መሥራት መከራ ነው። ባዶ ሆድም አይሆንም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይከዳል።

ስለዚህ ለእኛ የቁርስ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ለአምቡላንስ ልጆችም፣ ለትራፊክ ፖሊሶችም እንደዚያው ነው። ይህችን ቤት ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ቤቷ ከአወቱ ወንዝ ድልድይ ብዙም አትርቅም። ከጅማው መርካቶ በእግር ይደረሳል። ስሟን የማልጽፈው ባለቤቷ ስለለመነችኝ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ጥቂት በርጩማዎች ናቸው ያሉት። «ሰው ከበዛብኝ ለተረኞቹ ምን አቀርባለሁ?» አለችኝ። ልክ ናት። አካባቢው ላይ ደርሳችሁ «ጎህ ሳይቀድ የሚከፈተው ፉል ቤት የቱ ነው?» ብትሉ ባጃጅ ነጂዎቹ ያሳዩአችኋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትከፍታለች፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ትዘጋለች። እሑድ የለችም።

ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ስንገባ «አካም ቡልተኒ?» ትላለች፣ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያው አንድ ጥያቄ ትጨምራለች። «ገቢ ናችሁ ወጪ?»

ገቢ ማለት ፈረቃ የሚጀምር ነው። ወጪ አዳር ሠርቶ የሚመለስ ነው። መልሳችሁን ሳትሰማ ጭልፋ አታነሳም። ብዙ ምግብ ቤት በልቻለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ ሌላ ቤት የለም። የመጀመሪያ ልጇ የማታ ተረኛ ነርስ ናት። እትዬ ጥያቄውን የጀመረችው ልጇ እየደከማት መጥታ ሳህን ላይ ስታንቀላፋ እያየች ነው።

ገቢ ከሆናችሁ የሚቀርብላችሁ ሳህን ቀለል ያለ ነው። ቅንጬ በወተት፣ ላዩ ላይ የተቆራረጠ ሙዝ፣ ጫፍ ላይ ትንሽ የጌራ ወረዳ ማር። አጠገቡ አንድ ወይም ሁለት ቅቅል እንቁላል። አንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ ከቅንጬው ጋር ሲሆን እስከ ምሳ ያቆያል። ሆድ አይከብድም። በርበሬ የለውም፣ ቅቤው ደግሞ ለሽታ ያህል ብቻ ነው። ይህን በልቼ ጥሪ የመጣበት ጠዋት ነበር። ከመርካቶ ሱቆች ጀርባ ጭስ ታይቶ ነው የተጠራነው። ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ስለሆኑ መኪናው የሚገባው እስከ አንድ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ቱቦውን በትከሻ ተሸክሞ መሮጥ ነው። ሮጥኩ። ሆዴ እንዳለ አላስታወስኩትም። ከምግብ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ወጪ ከሆናችሁ ደግሞ ፉሉ አለ። ስለ ፉሉ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ይገባዋል።

ባቄላው ማታ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን አንገቱ ጠበብ ባለ ድስት ውስጥ ሆኖ ከሰል ላይ ቀስ እያለ ይበስላል። ጠዋት ክዳኑን ስታነሳው የሚወጣው እንፋሎት ከሙን ከሙን ይላል። እትዬ አስቀድማ አትፈጨውም። ስታዙ ነው በጭልፋው ጀርባ እየተጫነች የምትደቁሰው፣ እሱንም ግማሹን ብቻ። ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይቀራል፣ ጥርስ ሥራ ያገኛል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ደቀቅ ብለው ላዩ ላይ ይመጣሉ። ከዚያ አቮካዶ። የማናና የጎማ ወረዳዎች አቮካዶ ሲደርስ ግማሹን ፍሬ በማንኪያ ገልብጣ ታስቀምጥበታለች፣ ሂሳብ ላይ ብዙም አትጨምርም። ሎሚ ይጨመቅበታል። ዘይቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ፣ አንድ ማንኪያ። ሁለተኛ የፈለገ ይጠይቃል። ጨው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለብቻው ይቀመጣል።

ይህ የጨውና የዘይት አያያዝ ነው እኔን የማረከኝ። ሌላ ቦታ ፉል ስታዙ ዘይቱ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ክብ ሠርቶ ይጠብቃችኋል። ከተማው ውስጥ የነበርንበትን አንድ ቤት አስታውሳለሁ። ዘይታቸው ጠዋት ጠዋት ረግቶ ነጭ ሆኖ ነበር የምናገኘው። እንደዚያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥር የሚያስቸግረው ዓይነት ስብ ነው። እትዬ የምትጠቀመው የሱፍ ዘይት ነው። ዋጋው ሲወጣ መጠኑን ትቀንሳለች እንጂ ዘይቱን አትቀይርም። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ወጡ፣ ዳጣው፣ ዳቦው ሲደማመር በቀላሉ የሚታለፍ መጠን ነው። ጨውን ለብቻው ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ልብ ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። በአሜሪካ ከ1994 እስከ 2004 በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት በ2007 ታትሟል፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በሥራ ላይ ከሚሞቱት 45 በመቶውን የሚገድለው የልብ ህመም ነው ይላል። እሳት ብዙዎቹን ገደለ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ እኔም ቢሆን ሳነበው ደጋግሜ ነው ያየሁት። እሳት ማጥፋቱ ከሥራ ጊዜያቸው ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ከልብ ሞቶቹ ግን 32 በመቶው የደረሱት እዚያች ትንሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ከጥሪ ሲመለሱ የሞቱም አሉ፣ 17 በመቶ ያህል። እሳቱ ጠፍቶ፣ ሁሉም ተመስገን ብሎ፣ መኪና ላይ ተቀምጠው ማለት ነው።

ምክንያቱ ለሥራው ሰው እንግዳ አይደለም። ሙቀቱ አለ፣ ሸክሙ አለ፣ ጭሱ አለ፣ ላቡ አለ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ደም ይወፍራል። የደም ሥሩ አስቀድሞ በስብ የጠበበ ሰው ከሆነ ልቡ የሚፈልገውን አያገኝም። የእኛም ጣቢያ ይህን አይቷል። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ከጥሪ ተመልሶ መሪውን እንደያዘ ደረቱን ጨበጠ። ቶሎ ሐኪም ጋ ስለደረሰ ዛሬ በሕይወት አለ፣ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። እሱ ነው ወደዚህች ቤት መጀመሪያ የወሰደን። ሐኪሙ ዘይትና ጨው ቀንስ ሲለው የሚበላበት ቦታ ፈልጎ ፈልጎ ያገኛት እሱ ነው።

ስለ ንጽሕናዋ ልናገር። በሩ አጠገብ ቧንቧና ሳሙና አለ። የሥራ ኮት ለብሶ መግባት አይቻልም። ውጪ መስቀያና ለቦት የሚሆን አግዳሚ አስቀምጣለች። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንድ ልጆች ቅር ብሏቸው ነበር፣ የናቀቻቸው መስሏቸው። ትክክሏ ግን እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት ሥራዎች ተርታ፣ በመጀመሪያው ምድብ አስገብቶታል። ጭሱ ሲጠፋ ጥላሸቱ ልብስ ላይ ይቀራል፣ አንገት ላይ ይቀራል፣ ጥፍር ውስጥ ይቀራል። እኛ ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። በጥላሸት እጅ እንጀራ መጠቅለል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ እስከ ክንዳችሁ ታጠቡ፣ አንገታችሁንም በእርጥብ ፎጣ ጥረጉ። ፎጣውን ከቤት ይዛችሁ ኑ፤ እሷ የምትሰጠው ወረቀት ነው፣ እሱም ቶሎ ያልቃል።

ከትልቅ እሳት ስንመለስ ከምግቡ በፊት ውሃ ነው የምታቀርበው። በጆግ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ትንሽ ማርና ቁንጥጫ ጨው ገብቶበት። ያን ጊዜ ጨው ያስፈልጋል፣ በላብ ወጥቷልና። ቀስ እያላችሁ ጠጡት። አንዴ ጭልጥ ያደረገ ልጅ ውጪ ወጥቶ ሲያስመልስ አይተናል።

አሁን ወደሚከፋኝ ነገር ልምጣ።

ጨጨብሳዋ ይጣፍጣል። ጅማ ውስጥ ጨጨብሳ የማይጣፍጥበት ቤት ጥቂት ነው። የእሷ ግን ቅቤ ውስጥ ይዋኛል። ፉሉ ላይ ያለው ልክ ጨጨብሳው ላይ የለም። «ጨጨብሳ ያለ ቅቤ ምን ይባላል?» ትላለች ስንነግራት፣ ሐሳቧም ይገባኛል። ገቢ ሆናችሁ ግን አትዘዙት። ወጪ ከሆናችሁም አንዱን ሳህን ለሁለት ተካፈሉት፣ ከጎኑም እንቁላል ይኑር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቦንቦሊኖ ትጠብሳለች። ዘይቱ እስኪጠቁር ደጋግማ ነው የምትጠቀምበት። በሱፍ ዘይት ጠንቃቃ የሆነች ሴት ይህን እንዴት እንደምታደርግ አይገባኝም። ነግሬያታለሁ፣ ደግሜም እነግራታለሁ። የቅዳሜ ተረኞች ቦንቦሊኖውን እለፉት።

ዳቦው ነጭ ብቻ ነው። ድፍን ስንዴ ወይም ገብስ የገባበት ዳቦ የሚጋግሩ ቤቶች ከተማው ውስጥ አሉ፣ ከእነሱ ማምጣት ትችላለች። ለጊዜው መፍትሔው እንጀራ ነው። ፉልን በእንጀራ ሲበሉ የሚገረም ሰው ይኖራል። ይገረም። የጤፉ እንጀራ ቶሎ አያስርብም፣ ብረትም አለው።

ጎመን የሚደርሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ፈረቃ የሚቀያየሩ የአምቡላንስ ልጆች አያገኙትም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጎመኗ ግሩም ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዝቶበት፣ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይመጣል።

ጭማቂውን አልመክርም። የአቮካዶ ጭማቂ ላይ ስኳርና ቀይ ሽሮፕ ይጨመርበታል። «ያለ ስኳር» ካላችሁ ያለ ስኳር ታደርገዋለች፣ ግን መናገር አለባችሁ። እዚያው ፍሬውን በማንኪያ መብላት ይሻላል።

ከፉሉ ቀጥሎ የምወደው ደግሞ ይዛችሁ የምትሄዱት ነው። የአዳር ተረኛ ትልቁ ጠላቱ የሌሊት 8 ሰዓት ረሀብ ነው። በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆነው ኪዮስክ ብቻ ነው። ኪዮስክ ደግሞ ብስኩትና ለስላሳ ነው ያለው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ሌሊት ደግሞ ሰውነት ስኳርን እንደ ቀን አይዘውም፣ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለአንድ ሰዓት ያነቃችኋል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጥላችኋል። ጥሪው የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው።

እትዬ ለዚህ ሁለት ነገር ታዘጋጃለች። አንዱ በሶ ነው። ገብሱን ራሷ ታምሳለች፣ ታስፈጫለች፣ ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን በትንሽ በትንሹ ታሽገዋለች። ጣቢያ ውስጥ ብርጭቆና ውሃ ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ታንቀረቅቡታላችሁ፣ ትጠጡታላችሁ፣ አለቀ። ከተፈለገ ማር ጠብ ይደረግበታል። ገብስ ኮሌስትሮል በመቀነስ የታወቀ እህል ነው። የሚዘገይ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድም አይነፋም። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ስልቻቸው ውስጥ የሚይዙት ይህንኑ ነበር። መንገደኛውን ቀኑን ሙሉ ካስኬደው እኛንም ያስሮጠናል።

ሁለተኛው ቆሎ ነው። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ጥቂት ሱፍ። ጨው የለውም። ሽምብራው ጥሩ ተቆልቷል፣ ጥርስ አይሰብርም። የመኪናው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ከረጢት አለን። ከጥሪ ስንመለስ ከሾፌሩ በስተቀር ሁላችንም እንዘግናለን። ለሾፌሩ ጣቢያ ስንደርስ ይቆይለታል።

ስለ ቡናው ምን እላለሁ፣ ጅማ ነን። ጀበናው ከጠዋት ጀምሮ ይጠባበቃል፣ ቡናውም የጅማ ቡና ነው። እትዬ ግን እዚህም ጥያቄዋን አትተውም። ገቢ ከሆናችሁ ቡና። ወጪ ሆናችሁ የምትተኙ ከሆነ ጦስኝ አፍልታ ትሰጣለች። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ 3 ሰዓት ላይ ልተኛ የሚል ሰው የሚያገኘው እንቅልፍ እንቅልፍ አይባልም። አልከለክልም ትላለች፣ ቡና የጠየቃትን ሰውም አታሳፍርም። ብቻ ጦስኙን ቀድማ ታስቀምጠዋለች።

ስለ ቡና ካነሳሁ ስለ ጫትም ልናገር፣ በሌላ ቦታ ስለማይነገር። አዳር ለማንጋት የሚቅሙ ባልደረቦች አሉ፣ የእኛ ሥራ ብቻ አይደለም። እወዳቸዋለሁ፣ ለዚህም ነው የምጽፈው። ጫት የልብ ምት ያፋጥናል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ ላይ 20 ኪሎ ተሸክሞ እሳት ውስጥ መግባት ሲጨመርበት ልብ ላይ ሁለት ሸክም ነው። ቁርስ ቤቷ ውስጥ አይቃምም። በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

በጾም ቀናትም አታስቸግርም። ረቡዕና ዓርብ ፉሉ ያለ እንቁላል ይቀርባል፣ ምስር ይጨመራል፣ ቅንጬው በውሃና በተልባ ይሠራል። በረመዳን ደግሞ ሌሊት ለሱሁር ትከፍታለች፣ ከዚያ ቀኑን ትዘጋለች። የእኛ ቡድን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። በዚያ ወር ጾመኛ ልጆቻችን የሱሁር በሶና ተምራቸውን ከእሷ ነው የሚያገኙት፤ እኛ ደግሞ ቀን ላይ ከባዱን የጽዳት ሥራ እንይዝላቸዋለን።

ምግብ ብቻውን ጉልበት እንደማይሆን ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመቀጠራቸው በፊት የሚያልፉበት ፈተና አለ። 8 ጣቢያዎች ናቸው፣ በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለባቸው፣ 22 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ጃኬት ለብሰው። ደረጃ መውጣት፣ ቱቦ መጎተት፣ የወደቀ ሰው አስመስሎ የተሠራ አሻንጉሊት መሳብ አለበት። እኛ እንደዚያ ያለ መለማመጃ የለንም። ያለን የጅሬን ዳገት ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ በዕረፍት ቀን ማለዳ እንወጣዋለን፣ የተጠቀለለ ቱቦ በትከሻ እየተቀባበልን። ዝናብ ከሆነ፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ አታጣም፣ መንገዱ ያንሸራትታል። ያኔ ጣቢያ ውስጥ ደረጃ እንወጣለን። የአምቡላንስ ልጆችም አብረውን ይመጣሉ። የቆመ ልብ ለማስነሳት ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን አለባቸው። ሁለት ደቂቃ ሞክሩት፣ ክንዳችሁ ይነግራችኋል። ክንድና ወገብ የሌለው ሰው ያን አይጨርስም።

ከጅሬን ስንወርድ በቀጥታ ወደ እትዬ ነው። ያን ጊዜ ፉሉ በሁለት እንቁላል፣ እንጀራ ሙሉውን፣ አቮካዶ፣ ጎመን። ተሠርቶበት የመጣ ሰውነት ስለሆነ ልክ ነው። እሷም አይታን ታውቀዋለች። «ዛሬ ዳገት ነው» ብላ ራሷ ትጨምርበታለች።

መስተንግዶው ፈጣን ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ካለው ውጪ። በዚያ ሰዓት ወጪውም ገቢውም ይገናኛል፣ ወንበር አይገኝም። ደንብ ልብስ የለበሰ ተረኛ ሲገባ ሌላው ተስተናጋጅ ይነሳል። ማንም ያወጀው ሕግ አይደለም፣ እንዲያው የተለመደ ነው። ጥሪ መጥቶ ሳህናችንን ጥለን ከሮጥን ሂሳብ አትጠይቅም፤ ስንመለስ እንከፍላለን፣ የቀረውንም ታሞቅልናለች። ያረፍንበትን ወንበር ለሌላ አትሰጥም። ይህን ባታደርግ ደስ ይለኛል፣ ሰው ቆሞ እየበላ ባዶ ወንበር መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም። ነግረናታል፣ እሺ አላለችም።

ዋጋው ለእኛ ደመወዝ የሚሆን ነው። ቅንጬ በወተት 70 ብር፣ ፉል 90፣ አቮካዶ ሲጨመርበት 110። እንቁላል እያንዳንዱ 30። በሶ በእሽግ 25 ብር ነው። እንጀራ በጎመንና በምስር 100 ብር። በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ትቀበላለች፣ ኔትወርክ ካለ። የወር የሚከፍሉም አሉ፣ ደብተር ላይ ታሰፍራለች።

ገቢ ለሆነ ሰው የእኔ ምርጫ ቅንጬ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ስኒ ቡና ነው። ለወጪ ፉል በአቮካዶ፣ በእንጀራ፣ ዘይቱ አንድ ማንኪያ፣ ጨው ሳይነካ፣ ከዚያ ጦስኝ። ቢሮ ለሚውል ሰው የዳገቱን ሳህን አልመክርም፣ ግማሹ ይበቃዋል።

በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ማታውን ደውሉላት። ስንት ሰው እንደሆናችሁና ገቢ ወይም ወጪ መሆናችሁን ብቻ ንገሯት። መምጣት ካልቻላችሁ በምሳ ዕቃ አዘጋጅታ በባጃጅ ጣቢያ ድረስ ትልካለች፣ የባጃጁን እናንተ ትከፍላላችሁ። ምሳ ዕቃዎቹ የራሷ ናቸው፣ ብዙም የሏትም። በዚያው ቀን አጥባችሁ መልሱላት።